የሰንዓ መስጊዶች የአትክልት ቦታና የቤታችን እጣቢ

ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ የሚደፋው እጣቢ ብዙ እናቶችን ያሳዝናል። በአንድ በኩል የጓሮው ጎመን ጠውልጎ ይታያል፤ በሌላ በኩል ሳፋ ሙሉ ውሃ ወደ ቦይ ይፈሳል። «ለምን አትክልቱን አላጠጣበትም?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ውሃ የአላህ ጸጋ መሆኑንና ማባከኑም እንደሚያስጠይቅ የሚያምን ቤተሰብ ከዚህ ጥያቄ ሊሸሽ አይችልም። ይሁን እንጂ ያው ቤተሰብ፣ ልጆቹ ከዚያ ጓሮ የሚቀነጠሰውን ሰላጣ እንደሚበሉና በዚያው አፈር ላይ እንደሚጫወቱም ማሰብ ይኖርበታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ የዛሬ ዘመን ሰዎች ብቻ የገጠማቸው አይደለም። ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ለአገራችን ቅርብ በሆነችው የመን፣ የሰንዓ ከተማ ነዋሪዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በተገለገሉበት ውሃ አትክልት ሲያለሙ ኖረዋል። የእነርሱ ታሪክ እጣቢን መጠቀም የት ላይ እንደሚያስመሰግንና የት ላይ እንደሚያሰጋ በግልጽ ስለሚያሳይ በዚህ ጽሑፍ እንመለከተዋለን።

ከጉድጓድ ወደ ውዱእ፣ ከውዱእ ወደ መደብ

ሰንዓ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው፣ ተራሮች በከበቡት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። አሮጌው የከተማዋ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በውስጡ ከ100 በላይ መስጊዶች፣ 14 ሐማሞችና ከ6,000 በላይ ቤቶች እንደሚገኙ ተጽፏል። በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን እንደተመሠረተ የሚነገርለት ታላቁ መስጊድም የሚገኘው በዚያው ነው። ዝናቡ ጥቂት በመሆኑ ሕዝቡ የኖረው በጉድጓድ ውሃና ከተራራ ሥር በመሬት ውስጥ ተስቦ በሚመጣ፣ «ገይል» በሚባል ፈሳሽ ነበር።

ወደ አሮጌው ከተማ የገባ እንግዳ ከሸክላና ከድንጋይ የተሠሩትን ፎቅ ቤቶች እያየ ሲያልፍ በድንገት ለምለም የአትክልት ቦታ ፊቱ ይደቀናል። ነዋሪዎቹ ይህን ቦታ «ሚቅሸማ»፣ ብዙ ሲሆን ደግሞ «መቃሺም» ይሉታል። ስያሜው የመጣው «ቁሽሚ» ከሚባለው ፍጅል ነው። በመደቦቹ ላይ ከፍጅሉ ሌላ ባሮ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ናና፣ በሶብላና የመሳሰሉት ይበቅላሉ። አብዛኛዎቹ የአትክልት ቦታዎች ከመስጊዱ ጋር የተያያዙ የወቅፍ ንብረቶች ነበሩ። አልሚው «ቀሻም» ይባላል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ የሚወርስ ነው።

የውሃው ጉዞ እንዲህ ነበር። ከመስጊዱ አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል። ከጉድጓዱ አፍ ጀምሮ ወደ ታች የሚያዘቀዝቅ መንገድ ይሠራል። ግመል፣ በሬ ወይም አህያ በዚያ መንገድ ሲወርድ ገመዱ ይሳብና በቆዳ የተሠራው ውሃ መቅጃ ሞልቶ ይወጣል። ውሃው በመጀመሪያ ከፍ ብሎ በተሠራ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ወደ ውዱእ ማድረጊያው ይወርዳል። ሰጋጁ ፊቱን፣ እጁንና እግሩን ከታጠበበት በኋላ ውሃው በቦይ ተመርቶ ከአትክልቱ ዳር ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገባል፤ ቀሻሙም በተራ በተራ ለመደቦቹ ይለቀዋል። የአትክልት ቦታው ለቤት ግንባታ የሚሆን ጭቃ ሲወሰድበት ጎድጉዶ ስለኖረ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ ውሃው ያለ ምንም ኃይል ቁልቁል ይደርስለታል። በአንድ ቅጂ ውሃ ሰው ለሶላት ይነጻል፤ አትክልት ይጠጣል፤ የሰፈሩ ሰው ትኩስ ቅጠል ያገኛል።

ያልተቀላቀሉት ፈሳሾች

የዚህ ሥርዓት ጥበብ ያለው ግን በቦዩ ላይ ብቻ አይደለም። ይልቁንስ ወደ ቦዩ እንዲገባ ባልተፈቀደለት ነገር ላይ ነው። የሰንዓ ፎቅ ቤት መጸዳጃ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር ቤት በሚወርድ ሰፊ ቀዳዳ ላይ የተሠራ ነው። ዐይነ ምድሩ ብቻ በቀዳዳው ወደ ታች ይወርዳል። ሽንትና የኢስቲንጃ ውሃ ግን በድንጋዩ ወለል ላይ በተቀረጸች ጠባብ መስመር በኩል ወደ ውጭው ግድግዳ ይመራሉ። አየሩ ደረቅ፣ ፀሐዩ ብርቱ ስለሆነ አብዛኛው ፈሳሽ ግድግዳው ላይ እያለ ይተናል። ከታች የቀረው ደረቅ ነገር በየጊዜው ይወጣና ለሐማሞች ማገዶ ይሸጣል። ከእሳቱ የሚገኘው አመድ ደግሞ የአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል።

እንግዲህ ልብ እንበል። አትክልቱን የሚያጠጣው ውሃ የሰው ፊትና እጅ እግር የነካው ውሃ ነው። ከመጸዳጃ የወጣው ነገር ግን ወደ መደቡ የሚደርሰው ደርቆና በእሳት ተቃጥሎ አመድ ከሆነ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ረቂቅ ተሕዋስያንን በማጉሊያ መነጽር ያየ ቀሻም አልነበረም። ሆኖም ሁለቱ ነገሮች እንዳይገናኙ የተደረገው ጥንቃቄ ዛሬ የጤና ባለሙያ ከሚመክረው ብዙም አይርቅም።

ለዚህ ጥንቃቄ የሙስሊሙ ኅብረተሰብ ትምህርት የራሱ ድርሻ እንደነበረው መገመት አያዳግትም። የፊቅህ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በጠሀራ ምዕራፍ ነው፤ የጠሀራም መግቢያው ውሃን በዓይነት በዓይነቱ መለየት ነው። በብዙዎቹ ዑለማእ ዘንድ ውሃ ሦስት ደረጃ አለው። ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውን የሚያነጻ፣ ራሱ ንጹህ ሆኖ ሌላውን የማያነጻ፣ እንዲሁም ነጃሳ የሆነ ነው። ለውዱእ የዋለው ጥቂት ውሃ በሻፊዒይ መዝሀብና በሐነፊያ ተመራጭ አቋም ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ንጹህ ነው፣ ነገር ግን ዳግመኛ ውዱእ አይደረግበትም። በማሊክ መዝሀብ ደግሞ ሌላ ውሃ እያለ በእርሱ መገልገል ቢጠላም የማንጻት ባሕርዩን አያጣም። ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ግን ነጃሳ መሆኑን ሁሉም ተስማምተውበታል።

ዑለማእ በነጃሳ ውሃ ስለ ለማ አዝመራም ተወያይተዋል። አብዛኛዎቹ አዝመራውን ሐራም አላደረጉትም። ከሐንበሊ መዝሀብ የሆኑት ግን ቀጥሎ በንጹህ ውሃ ካልጠጣ በስተቀር እንደማይበላ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1223 ያረፉት ኢብኑ ቁዳማ ይህን ልዩነት አስፍረውታል። ዛሬ ገበሬዎች ምርት ከመሰብሰባቸው በፊት ለተወሰኑ ቀናት በፍሳሽ ማጠጣት እንዲያቆሙ የሚሰጠው የጤና ምክር ከዚህ አቋም ጋር መቀራረቡ የሚያስገርም ነው።

ጧሂር መሆንና ጉዳት አልባ መሆን

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። አንድ ውሃ በሸሪዓ ጧሂር መሆኑ ከበሽታ ነጻ መሆኑን አያረጋግጥም። የመጀመሪያው የዒባዳ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የጤና ጥያቄ ነው። ለውዱእ የዋለ ውሃ አፍ የተጉመጠመጠበት፣ አፍንጫ የታጠበበትና የእግር አቧራ የወረደበት ነው። ለብዙ ሰዓት በክፍት ገንዳ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ትንኝም እንቁላል ይጥልበታል። በየመን የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች በክፍት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ ፍጅልና ባሮ ሽንኩርት ሳይበስሉ የሚበሉ አትክልቶች ናቸው። ስለዚህ የጥንቱን ሥርዓት ስናመሰግን እንከን የሌለው አድርገን መሳል የለብንም።

የቤት እጣቢ ደግሞ ከውዱእ ውሃ ይበልጥ የተደበላለቀ ነው። ሰዎች መጸዳጃ ቤቱን ብቻ አደገኛ አድርገው ያዩና የሳፋውን ውሃ «ሳሙና ያለበት ነው፣ ምን ያመጣል?» ይላሉ። ለዚህ አስተሳሰብ መልስ የሚሆን በታሪክ የታወቀ አንድ አሳዛኝ ክስተት አለ።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1854 መጨረሻ ላይ ለንደን ውስጥ፣ ብሮድ ስትሪት በተባለ ሰፈር የኮሌራ በሽታ በድንገት ተነሣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባሉ ሐኪም የሟቾችን ቤት አንድ በአንድ ተከታትለው አብዛኛዎቹ ከአንድ የሕዝብ የውሃ ፓምፕ ይቀዱ እንደነበር ደረሱበት። መስከረም 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ውሃው በምን ምክንያት እንደተመረዘ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ይህን ፈልገው ያገኙት ሄንሪ ኋይትሄድ የተባሉ የሰፈሩ ቄስ ናቸው። ከፓምፑ ፊት ለፊት ባለው ቤት አንዲት ሕፃን ወረርሽኙ ሊነሣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በተቅማጥ ታማ ነበር። እናቷ የሽንት ጨርቆቿን በባልዲ እየዘፈዘፈች እጣቢውን በቤቱ ደጃፍ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ትደፋ ነበር። ጉድጓዱ ሲቆፈር ግንቡ ፈርሶ፣ ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ ያለው ርቀትም አንድ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ተገኘ።

እናቲቱ የታመመች ልጇን ንጽህና ከመጠበቅ በስተቀር ያደረገችው ነገር የለም። ስለ ኮሌራ ተሕዋስያን በዚያ ዘመን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። የደፋችው ግን የቤት እጣቢ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የእጣቢን አደገኛነት የሚወስነው የሳሙናው ብዛት ሳይሆን ውሃው የታጠበበት ነገር መሆኑን ነው። የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት፣ የበሽተኛ አንሶላ የተዘፈዘፈበት፣ የዶሮ ሥጋ የተለቀለቀበት ውሃ ከውዱእ ውሃ ጋር በአንድ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ልዩነቱ ሲፈርስ

ወደ ሰንዓ እንመለስ። ከ1970ዎቹ ወዲህ የቧንቧ ውሃ በከተማይቱ እየተስፋፋ መጣ። ይህ ለነዋሪው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሴቶችና ልጆች ውሃ ከመሸከም ዐረፉ። ዳሩ ግን ለደረቅ መጸዳጃ የተሠሩት ቤቶች ብዙ ውሃ መቀበል ጀመሩ። ፈሳሹና ደረቁ ተለይተው ይሄዱ የነበሩት በአንድነት መውረድ ያዙ። በብዙ ሰፈሮች ፍሳሹ በየቤቱ ሥር ወደተቆፈሩ ጉድጓዶች ገባ፤ ከእነርሱም እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ መበከል ጀመረ። በሌላ በኩል በከተማይቱ ዙሪያ በሞተር የሚሳበው ውሃ እየበዛ ስለሄደ የጉድጓዶቹ ውሃ በብዙ አሥር ሜትሮች ወደ ታች ሸሸ። የጥንቶቹ የመስጊድ ጉድጓዶች ደረቁ። ከመቃሺሞቹም በርካታዎቹ ጠወለጉ፤ አንዳንዶቹ ባዶ ሜዳ፣ አንዳንዶቹም የቆሻሻ መጣያ ሆኑ።

በዚህ ላይ እጣቢው ራሱ ተለወጠ። የዱቄት ሳሙናና በረኪና በየቤቱ ገቡ። ብዙዎቹ የዱቄት ሳሙናዎች ሶዲየም የተባለ የጨው ንጥረ ነገር አላቸው። ሶዲየም በአፈር ውስጥ ሲጠራቀም አፈሩን ያጠጥረዋል፤ ውሃም እንደልብ አይሰርግበትም። በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚገኘው ቦሮን ደግሞ መጠኑ ጥቂት ከፍ ሲል የተክሉን የቅጠል ጫፍ ያቃጥላል። በረኪና በአፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ይገድላል። አያቶቻችን በእንዶድ ያጠቡበት ውሃና ዛሬ ከሳፋው የሚደፋው ውሃ አንድ አይደሉም።

በየመን የተከተለው ደግሞ ከአትክልት መጥፋት የከፋ ነው። ጦርነቱ የውሃና የፍሳሽ አገልግሎቱን ሲያፈርስ ኮሌራ እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሣ። በ2017 መጨረሻ በበሽታው የተጠረጠሩ ሰዎች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። አሮጌው የሰንዓ ከተማም ከ2015 ጀምሮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ንጹህና ርኩስ ውሃ ድንበራቸው ሲጠፋ የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ከባድ ነው።

ሳይበስል የሚበላ አትክልት በፍሳሽ ሲለማ የሚያስከትለውን ጉዳት ሌሎች ከተሞችም አይተውታል። በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ዙሪያ ሰላጣና የመሳሰሉት ለብዙ ዘመናት የከተማው ፍሳሽ በገባበት የወንዝ ውሃ ይለሙ ነበር። የታይፎይድ በሽታም ከከተማዋ አይጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ሲመጣ መንግሥት በዚያ ውሃ የሰላጣ አትክልት ማልማትን ከለከለ፤ ከዚያ በኋላ ታይፎይድ በእጅጉ ቀነሰ። በአዲስ አበባም የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ የከተማው ፍሳሽ እየገባባቸው አትክልት ሲለማባቸው መኖሩን የከተማው ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። እርግጥ ነው፣ የከተማ ፍሳሽና የአንድ ቤት እጣቢ እኩል አይደሉም። ነገር ግን በቤታችን ውስጥ ሁሉንም ውሃ በአንድ በርሜል ካጠራቀምነው በትንሹ የከተማውን ፍሳሽ ሠራን ማለት ነው።

መለየትን ዳግም መማር

ታሪኩ በጥፋት ብቻ አያበቃም። በ1398 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1978፣ የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማእ ጉባኤ ስለ ፍሳሽ ውሃ ውሳኔ ሰጠ። የቆሸሸ ውሃ በሚገባ ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ወደ ቀድሞው ከተመለሰ ንጹህ እንደሚሆን፣ ይህም ጤናን የሚጎዳ ነገር እስከሌለ ድረስ መሆኑን አስታወቀ። ለመጠጥ ሲሆን ግን ከእርሱ መራቅ የተሻለ መሆኑን ጨምሮ መከረ። እነሆ፣ የጠሀራና የጤና ጥያቄዎች ሳይምታቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በዮርዳኖስም፣ ውሃ እጅግ ብርቅ በሆነባት በጠፊላ አካባቢ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች እጣቢያቸውን በተከታታይ በቆሙ አራት በርሜሎች እንዲያጣሩ ተደርጓል። የመጀመሪያው በርሜል ቅባቱንና ዝቃጩን ያስቀራል። ሁለቱ መካከለኛ በርሜሎች በጠጠር የተሞሉ ናቸው፤ ውሃው በጠጠሩ መሐል ሲያልፍ ይብላላል። አራተኛው የተጣራውን ይይዛል። ከዚያ ውሃው በቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ ወደ ወይራና ወደመሳሰሉት ዛፎች ሥር ይደርሳል። የመጸዳጃው ፍሳሽ ወደዚህ መስመር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የቤት እጣቢን ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ በስሙ ጠቅሶታል።

እንግዲህ በርሜልና ቱቦ የሌለው ቤተሰብ ምን ያድርግ? ከላይ ካየነው ታሪክ የሚወጣው ሥርዓት ቀላል ነው። ሳፋውን ከመድፋት በፊት «ይህ ውሃ ምን አጠበ?» ብሎ መጠየቅ ነው። የውዱእ ውሃ፣ ጎመንና ድንች የታጠበበት ውሃ፣ ሳሙናው ጥቂት የሆነ የልብስ ማለቅለቂያ የመጨረሻው ውሃ፣ እነዚህ ለጓሮ ይሆናሉ። የሽንት ጨርቅ፣ የበሽተኛ ልብስና አንሶላ፣ ጥሬ ሥጋና ዶሮ የታጠበባቸው፣ በረኪና የገባበትና ቅባት የበዛበት ግን ወደ መጸዳጃ ጉድጓዱ ይሂዱ። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ እስኪድን ድረስ የልብስና የገላ እጣቢን ለጓሮ መጠቀም ማቆም ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ይፈስሳል?» የሚለው ነው። እጣቢ የሚገባው ለሎሚ፣ ለሙዝ፣ ለጌሾና ለጥላ ዛፍ ሥር ነው። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቃሪያና ሌላም ሳይበስል የሚበላ ነገር ግን ንጹህ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው በቅጠል ላይ ሳይረጭ በአፈሩ ላይ ይፍሰስ፤ ሥሩ በሣር ወይም በደረቅ ቅጠል ቢሸፈን ደግሞ የተሻለ ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሳይደፋ ቢዘዋወርና በመካከሉ ንጹህ ውሃ ቢያገኝ አፈሩ ጨው አይጠራቀምበትም። ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ መራቅ ይኖርበታል። መሬቱ ላይ ተንጣሎ የሚታይ ከሆነ መጠኑ በዝቷልና ይቀነስ።

ሦስተኛው ነገር ጊዜ ነው። እጣቢ የሚቀመጥ ውሃ አይደለም። በዚያው ዕለት ካልፈሰሰ ይሸታል፤ ተሕዋስያኑም ይበዛሉ። በርሜል ውስጥ ለነገ የተቀመጠ እጣቢ ለትንኝ ቤት፣ ለሕፃናትም አደጋ ነው። ያጠጣ ሰው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ልጆችም እርጥቡ ቦታ ላይ እንዳይጫወቱ ይጠበቁ።

በየመስጊዶቻችን በየቀኑ አምስት ጊዜ የሚፈሰው የውዱእ ውሃ ደግሞ ከቤት እጣቢ ሁሉ ለአትክልት የቀረበ ነው። ሳሙናም ሆነ ቅባት የለበትም። ከመጸዳጃው መስመር ጋር ሳይገናኝ በራሱ ቦይ ቢመራ የግቢውን ዛፎች ያለመልማል። የሰንዓ ሰዎች ይህን ያደረጉት በቆዳ መቅጃና በጭቃ ቦይ ነበር። እኛ መስጊድ ስንሠራ ወይም ስናድስ ሁለቱ ቧንቧዎች ተለይተው እንዲዘረጉ አናጺውንና የቧንቧ ሠራተኛውን በጊዜ መንገር ብቻ ይበቃናል። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ከባድ ይሆናል።